ሉዊስ አርምስትሮንግና የወጣትነቱ ሸክላዎች

የጃዝ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ስሙ አብሮ የሚነሣው ሉዊስ አርምስትሮንግ ካረፈ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗል። ትራምፔቱን፣ ሻካራ ድምፁን፣ ላቡን የሚጠርግበትን ነጭ መሐረብና ፊቱን ሁሉ የሚሞላውን ሳቁን በፎቶግራፍም ሆነ በሸክላ ያላወቀ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ዝናው ብዙ ለመናገር አላሰብንም። ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈለግነው ከዝናው በስተኋላ ያለውን ታሪክ፣ ይኸውም ሰውየው ከፍ ካለ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ከጥንት የሙዚቃ ጓደኞቹና ከእነርሱ ጋራ ካስቀረጻቸው ሸክላዎች ጋራ እንዴት እንደ ኖረ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ የያዘ፣ ከማዕርግ ወደ ማዕርግም የሚወጣ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አብረውት መንገድ የጀመሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሲቀሩ እርሱ ምን ያደርጋል? አርምስትሮንግ ለዚህ የሰጠው መልስ በአንድ ጊዜ የተሰጠ አልነበረም፤ ሁልጊዜም የተሳካለት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርምስትሮንግ የተወለደው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በምትገኘው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። በሕይወት ሳለ የልደት ቀኑ ጁላይ 4 ቀን 1900 እንደ ሆነ ይናገር ነበር፤ ይህም አሜሪካኖች የነጻነት በዓላቸውን የሚያከብሩበት ቀን ነው። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የክርስትና መዝገቡ ተገኝቶ እውነተኛው ቀን ኦገስት 4 ቀን 1901 መሆኑ ታወቀ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ ያደገው በአያቱና በእናቱ እጅ ነው። ሰፈራቸው ድህነት፣ መጠጥና ጠብ የማይለዩት ሰፈር ነበር። ትንሹ ሉዊስ ካርኖፍስኪ ለሚባሉ ከሊትዌንያ ለመጡ አይሁዳውያን ቤተ ሰቦች ተቀጥሮ፣ ቀን በጋሪያቸው ላይ ሆኖ ቁራሌ ሲሰበሰብ ደንበኛ ለመጥራት የቆርቆሮ ጡሩምባ ይነፋ፣ ማታ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ያከፋፍል ነበር። የመጀመሪያዋን ኮርኔት (ከትራምፔት አጠር ያለች የናስ መሣሪያ ናት) ዕቃ አስይዞ ከሚያበድር ሱቅ የገዛው እነዚሁ ሰዎች ቀድመው በሰጡት ገንዘብ ነበር። ይህን ውለታ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ አልረሳውም፤ በ1969 በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ብዕር አንሥቶ በሰፊው ጽፎታል።

በ1912 መጨረሻ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት፣ ልጁ ከቤት ያገኘውን ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ ወደ ሰማይ በመተኮሱ ፖሊስ ያዘው። ዳኛውም ለጥቁር ልጆች ወደ ተሠራው የጠባይ ማረሚያ ቤት ሰደደው። በዚያ ዓመት ተኩል ያህል ሲቆይ የማረሚያ ቤቱ የሙዚቃ አስተማሪ ፒተር ዴቪስ በመጀመሪያ ሳይወደው፣ በኋላ ግን ተሰጥኦውን አይቶ ኮርኔት አስተማረው፤ የልጆቹም ባንድ መሪ አደረገው። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ይመጣል።

ከማረሚያ ቤት ሲወጣ የከተማው የኮርኔት አለቃ ጆ ኦሊቨር ነበር። ሕዝቡ ኪንግ፣ ማለት ንጉሥ የሚል ስም የሰጠው ሰው ነው። ሉዊስ የኦሊቨርን ሚስት ገበያ እየላላከ፣ በዋጋውም ከኦሊቨር ትምህርት እየተቀበለ፣ ከማዕዳቸውም እየበላ አደገ። ኦሊቨር አንድ አሮጌ ኮርኔት ሰጠው። ልጁም ጆን አባባ ብሎ ይጠራው ጀመር። ኦሊቨር በ1918 ገደማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ በሄደ ጊዜ በትሮምቦን ነፊው በኪድ ኦሪ ባንድ ውስጥ የነበረው ቦታ ለሉዊስ ተሰጠ። ከዚያም ወጣቱ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት የሽርሽር መርከቦች ሲጫወት ቆይቶ፣ በ1922 በጋ ከኦሊቨር መልእክት ደረሰውና ዕቃውን ሰብስቦ በባቡር ቺካጎ ገባ።

የመጀመሪያው ሸክላ የተቀረጸው በኤፕሪል 1923 ኢንዲያና ክፍለ ግዛት ውስጥ ሪችመንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ቀረጻው እንዴት እንደ ተደረገ ጥቂት ብናብራራ ለዛሬ ወጣት ሳይጠቅም አይቀርም። ስቱዲዮው ከፒያኖ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለ ነበር፣ ባቡር ሲያልፍ ሥራው ይቋረጣል። ማይክሮፎን የሚባል ነገር የለም። ሙዚቀኞቹ በግድግዳው ውስጥ ወደ ተተከለው ትልቅ ቀንድ መሰል መቀበያ ፊታቸውን አዙረው ይነፋሉ፤ ድምፃቸው በቀንዱ ገብቶ ስስ ሽፋን ሲያንቀጠቅጥ፣ ከሽፋኑ ጋራ የተያያዘች መርፌ በሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ትቀርጻለች። ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይወሰዳል፤ በብረቱም እኛ አገር ሸክላ ብለን ስም ያወጣንለት ጥቁር ሰሌዳ ይታተማል። አንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስ ትልቁን ከበሮ ቢመታ መርፌዋ ስለምትዘል በትንሽ እንጨት እየመታ ምቱን እንዲጠብቅ ተደረገ። አርምስትሮንግ ደግሞ ጉልበቱ ከመምህሩ ድምፅ ስለ በለጠ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ እንዲቆም ታዘዘ። ፒያኖ ተጫዋቿ ሊል ሃርዲን ብቻውን ቆሞ በኀዘን ያያት እንደ ነበር፣ እርሷም ለማጽናናት ፈገግ ትልለት እንደ ነበር ኋላ ተርካለች። በዓመቱ ተጋቡ።

ሊል አንድ ሌላ ነገርም ተናግራለች። ኦሊቨር ሉዊስን ከእርሱ ጋራ ሁለተኛ ኮርኔት አድርጎ የሚያስቀምጠው፣ ልጁ አብሮት እስካለ ድረስ ሊቀድመው እንደማይችል ስለሚያውቅ መሆኑን ከራሱ ከኦሊቨር አፍ ሰምቻለሁ ብላለች። እንግዲህ አባትነቱም እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ማየት በመሥሪያ ቤትም እንግዳ ነገር አይደለም። ባሏን አበርትታ ከኦሊቨር ባንድ ያስወጣችው ሊል ናት። በ1924 ወደ ኒው ዮርክ ወደ ፍሌቸር ሄንደርሰን ኦርኬስትራ ሄደ፤ በ1925 ተመልሶ ኖቬምበር 12 ቀን በቺካጎ፣ ኦኬህ ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ፣ በገዛ ስሙ የመጀመሪያውን ቀረጻ አደረገ። ሆት ፋይቭ፣ ማለትም ትኩሶቹ አምስት የተባሉት ራሱ፣ ሊል በፒያኖ፣ ኪድ ኦሪ በትሮምቦን፣ ጆኒ ዶድስ በክላሪኔት፣ ጆኒ ሴንት ሲር በባንጆ ነበሩ። ከሊል በቀር ሁሉም ከኒው ኦርሊንስ ጀምረው የሚተዋወቁ ናቸው። የሚያስገርመው፣ ይህ በጃዝ ታሪክ እጅግ የታወቀው ባንድ እንደ ሌሎቹ በየማታው በጭፈራ ቤት የሚጫወት ባንድ አለመሆኑ ነው፤ ከስቱዲዮ ሲወጡ እያንዳንዱ ወደየሥራው ይሄድ ነበር። እስከ 1928 ድረስ፣ አንዳንዴ ሰው ተጨምሮ፣ በመጨረሻም ሰዎቹ ተለውጠው ወጣቱ ፒያኖ ተጫዋች ኧርል ሃይንስና ከበሮ መቺው ዛቲ ሲንግልተን ገብተው፣ ሸክላዎቹ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የአርምስትሮንግ መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነበር፤ ኒው ዮርክ፣ ሆሊዉድ፣ ለንደን፣ ፓሪስ። የባልንጀሮቹ ግን ሌላ ነው። በ1929 የመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት የጭፈራ ቤቶቹንና የሸክላ ኩባንያዎቹን ሲያንኮታኩት፣ ኪድ ኦሪ ትሮምቦኑን አስቀምጦ በካሊፎርኒያ ዶሮ ማርባት ጀመረ። ጆኒ ሴንት ሲር ወደ ኒው ኦርሊንስ ተመልሶ የጥንት ሙያውን፣ የግድግዳ ልስን ያዘ። ጆኒ ዶድስ በቺካጎ ማታ ማታ ክላሪኔት እየነፋ ከወንድሙ ጋራ የታክሲ ሥራ ይሠራ ነበር፤ በ1940 ሞተ።

የኦሊቨር ዕጣ የሁሉም የከፋው ነው። ድዱ ታሞ ጥርሱ ረገፈ፤ ኮርኔት ነፊ ጥርሱን ካጣ ደግሞ እጁን እንዳጣ አናጢ ነው። በ1927 በኒው ዮርክ ታዋቂው ኮተን ክለብ ሊቀጥረው ቢጠይቀው ክፍያው አነሰኝ ብሎ እምቢ አለ፤ ያን ሥራ የያዘው ዱክ ኤሊንግተን ስመ ጥር ሆኖ ወጣ። ኦሊቨር በተበላሸ አውቶቡስ ከደቡብ ከተማ ወደ ደቡብ ከተማ ሲንከራተት ባንዱ ተበተነበትና በጆርጂያ፣ በሳቫና ከተማ ቀረ። በ1937 አርምስትሮንግ ለአንድ ማታ ጭፈራ ወደዚያች ከተማ በመጣ ጊዜ ኪንግ ኦሊቨርን በመንገድ ዳር አትክልት ሲሸጥ አገኘው።

በዚያን ጊዜ በአርምስትሮንግ ኦርኬስትራ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ፣ ሉዊስ ረስል፣ ሬድ አለን፣ ፖፕስ ፎስተር፣ ቀድሞ በኦሊቨር ሥር የሠሩ ናቸው። አርምስትሮንግ ኋላ እንደ ተረከው፣ በኪሱ የነበረውን 150 ዶላር ያህል አውጥቶ ሰጠው፤ ሌሎቹም በየኪሳቸው ያገኙትን ሰጡት። ማታ ጭፈራው ሲጀመር ቀና ቢሉ ኦሊቨር ከመድረኩ ጥግ ቆሟል፤ በመያዣ ያስያዘውን ልብሱን በገንዘቡ አስለቅቆ፣ እንደ ጥንቱ በወጉ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጣል አድርጎ። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ሞተ፤ በመጨረሻ ጊዜው የቢሊያርድ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበር። እኅቱ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ከፍላ አስከሬኑን ወደ ኒው ዮርክ አስመጣች፤ አርምስትሮንግም ለቀብሩ ቆመ።

ከዚህ የበለጠ ሊያደርግለት አይችልም ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። እኛም ጠይቀናል። አርምስትሮንግ በዚያ ዘመን ሥራውንም ገንዘቡንም ለሥራ አስኪያጁ ለጆ ግሌዘር አስረክቦ ከከተማ ከተማ በየሌሊቱ የሚጓዝ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሰበብ ለመሆን የሚበቃ አይመስለንም። እርሱ ራሱ በዚህ ጉዳይ የተጽናና አይመስልም፤ ከዚያ ወዲህ ኦሊቨርን ሳይጠራ ስለ ራሱ የተናገረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዕዳ የሚል ቃል ባይጠቀምም፣ ቀጥሎ የምንተርከውን ሁሉ ዕዳ ብለን ብናነበው ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም።

በ1940 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ በሜይ ወር ዴካ የሚባለው ኩባንያ አርምስትሮንግንና ክላሪኔትና ሶፕራኖ ሳክስፎን ነፊውን ሲድኒ ቤሼን ለኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ መታሰቢያ በአንድ ስቱዲዮ አገናኛቸው። ሁለቱ ከልጅነት ጀምረው የሚተዋወቁ፣ በ1924ና በ1925ም አብረው ያስቀረጹ ናቸው። ከዚያን ቀን ቅጂዎች አንዱ አርምስትሮንግ በልጅነቱ ከሰል በጋሪ ስላከፋፈለበት ጊዜ የሚናገር ዜማ ነው። ሙዚቃው ግሩም ሆነ፤ ፍቅሩ ግን እንደ ተጠበቀው አልሆነም። ሁለቱም መሪ መሆን የለመዱ ስለ ነበሩ እያንዳንዱ በላይ በላይ ሄደ፤ ቤሼም ኋላ በሕይወት ታሪኩ ላይ ቅር መሰኘቱን ገልጧል።

ሁለተኛውን ያደረገው አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ጆርጅ አቫኪያን ይባላል፤ በ1919 በሩስያ አገር በአርማቪር ከተማ ከአርመን ቤተ ሰብ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነበር። (አርባ ልጆችን የሚያስታውስ የእኛ አንባቢ፣ አርመኖችና የናስ መሣሪያ በሌላም አገር መገናኘታቸው ሳያስደስተው አይቀርም።) የሆት ፋይቭ ሸክላዎች ከወጡ ገና አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናቸውም በሱቅ አይገኙም ነበር፤ ያላቸው ሰው አርጅተው እየተንኳኩ ያጫውታቸዋል፣ የሌለው ስማቸውን ብቻ ይሰማል። ኦኬህ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር የብረት ቅርጾቹ ከኮሎምቢያ ኩባንያ እጅ ገብተው በኮኔቲከት በብሪጅፖርት ፋብሪካ መጋዘን ተከማችተው ነበር። ኩባንያው ወጣቱን ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ እንዲሠራ ቀጠረውና አቫኪያን መጋዘኑን ይፈትሽ ጀመር። የታወቁትን ብቻ ሳይሆን ከቶ ታትመው የማያውቁ የአርምስትሮንግ ቅጂዎችን አገኘ። ከዚያም ሸክላዎቹ በአንድነት ተሰብስበው፣ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋራ እንደ ገና ታተሙ። አንድ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ባያራግፍ ኖሮ፣ ከእነዚያ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ለጦርነቱ ብረት በተሰበሰበ ጊዜ ቀልጠው ይቀሩ ነበር ብለን ብንገምት የምንሳሳት አይመስለንም።

ከዓለም ጦርነት በኋላ የጥንቱ ሙዚቃ እንደ ገና ተፈላጊ ሆነ። ኪድ ኦሪም ዶሮዎቹን ትቶ ወደ ትሮምቦኑ ተመለሰ። በ1946 በሆሊዉድ ኒው ኦርሊንስ የሚባለው ፊልም ሲቀረጽ አርምስትሮንግ፣ ኦሪና ዛቲ ሲንግልተን በአንድ ባንድ ውስጥ ዳግመኛ ተሰበሰቡ። ፊልሙ እንደ ፊልም ብዙ የሚነገርለት አይደለም፤ ግን ሽማግሌዎቹ አብረው ሲነፉ የሚታይበት ክፍል ሌላውን ጉድለት ያስረሳል። በሜይ 1947 በኒው ዮርክ ታውን ሆል የተደረገው ኮንሰርት ከተሳካ በኋላ አርምስትሮንግ ትልቁን ኦርኬስትራ አፈረሰና ኦል ስታርስ የሚባለውን ትንሽ ባንድ አቋቋመ። በ1948 ኧርል ሃይንስ ገባ። በሃያ ዓመት ርቀት፣ በ1928 ጃዝን የለወጡት ሁለት ሰዎች እንደ ገና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነገር ግን ሃይንስ በመካከሉ ለብዙ ዓመት የራሱ ኦርኬስትራ አለቃ የነበረ ሰው ነው። በማስታወቂያው ላይ ስሙ የሚጻፍበት ቦታና መጠን አላስደሰተውም፤ በ1951 በቅሬታ ወጣ። ከኦሪም ጋራ ቢሆን፣ በሆት ፋይቭ ዘመን ከወጡት ታዋቂ ዜማዎች አንዱን የደረሰው ማን ነው በሚለው ነገር አርምስትሮንግ እስከ መጨረሻው የእኔ ነው ይል ነበር፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ግን የኦሪ ስም ነው። የጥንት ጓደኛን መልሶ ማግኘት የጥንት ቂምንም መልሶ ማግኘት መሆኑን እነዚህ ሰዎች ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ከገዛ ከተማው ጋራ የነበረው ነገር ነው። በ1949 በኒው ኦርሊንስ የካርኒቫል በዓል ላይ ዙሉ የተባለው የጥቁሮች ማኅበር ንጉሥ አድርጎ ሾመው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ማዕርግ ስለ ነበር ፊቱን እንደ ወጉ ተቀብቶ በሠረገላ ዞረ፤ ይህም በሰሜን ያሉትን ወጣት ጥቁሮች አላስደሰተም። በ1956 ሉዊዚያና ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣች። የአርምስትሮንግ ባንድ ደግሞ ከሁለቱም የተውጣጣ ነበር። ነጮቹን ትቼ ልግባ አላለም፤ በተወለደበት ከተማ መጫወቱን ተወ። በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በታገዱ ጊዜ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን በብርቱ ቃል ነቅፎ፣ መንግሥት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊልከው ያሰበውን ጉዞ እምቢ አለ። ይስቃል እንጂ አይናገርም የሚሉት ሰዎች ይህን ጊዜ ዝም አሉ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ከ1943 ጀምሮ አርምስትሮንግና አራተኛ ሚስቱ ሉሲል በኒው ዮርክ፣ በኩዊንስ፣ ኮሮና በሚባል የሠራተኞች ሰፈር ውስጥ አንድ መጠነኛ ቤት ነበራቸው። ሀብቱ ሲበዛም ሰፈሩን አልለወጠም። በ1950 መጨረሻ ቴፕ ሪኮርደር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ይህ መሣሪያ ከትራምፔቱ ቀጥሎ የማይለየው ጓደኛው ሆነ፤ ለጉዞ ሁለት ቴፕና አንድ የሸክላ ማጫወቻ የሚይዝ ሣጥን አሠርቶ በየሆቴሉ ይዞት ይዞር ነበር። ሸክላዎቹን ወደ ክር ይገለብጣል፣ ሊጠይቁት የመጡ የጥንት ወዳጆች ሲያወጉ ይቀርጻል፣ አንዳንዴም ከሉሲል ጋራ ሲጨቃጨቅ ክሩ ሳይዘጋ ይቀራል። እያንዳንዱን ክር ቁጥር ሰጥቶ፣ በውስጡ ያለውን በእጁ ጽፎ፣ ማኅደሩን ከጋዜጣና ከፎቶግራፍ በተቆረጠ ሥዕል ያስጌጠው ነበር። በሞተ ጊዜ ከስድስት መቶ የሚበልጡ ክሮች ተገኙ። ሉሲል በ1983 ካረፈች በኋላ ክሮቹ ለኩዊንስ ኮሌጅ ተሰጥተው ለተመራማሪዎች ተከፈቱ፤ ቤቱም ከ2003 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ከነዚህ ክሮች መካከል እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን አንዱ ነው። አርምስትሮንግ በ1923 በሪችመንድ የተቀረጹትን የኦሊቨር ባንድ ሸክላዎች በክፍሉ ውስጥ ያጫውታል፤ ትራምፔቱንም አንሥቶ ከሸክላው ጋራ አብሮ ይነፋል። በዓለም ሁሉ የታወቀው ሰው፣ ማንም በማያየው ክፍል፣ በሚንሿሿው አሮጌ ቅጂ ላይ፣ ከሞተው መምህሩ ጎን እንደ ገና ሁለተኛ ሆኖ ይቆማል። ያን ጊዜ ከቀንዱ ራቅ ብለህ ቁም የተባለው ልጅ፣ አሁን ድምፁን እንደ ፈቀደ ማሰማት ሲችል፣ የሚነፋው ግን ለኦሊቨር ቦታ እየለቀቀ ነው።

ይህ የቤት ውስጥ ልማድ ወደ አደባባይም ወጣ። በዲሴምበር 1956ና በጃኑዋሪ 1957 ዴካ የአርምስትሮንግን የሙዚቃ ሕይወት ታሪክ በአራት ትላልቅ ሸክላዎች አዘጋጀ፤ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ዜማዎች በአምሳ አምስት ዓመቱ እንደ ገና ተጫውቶ፣ በየመካከሉ ስለ እያንዳንዱ በገዛ አፉ ተረከ። የቀድሞውን ሸክላ የሚያመልኩ ሐያስያን አዲሱን ላለማመስገን አስቀድመው የወሰኑ ይመስላሉ። እኛ ሁለቱን እያፈራረቅን አዳምጠን የደረስንበት አስተያየት ይህ ነው፤ የ1927ቱ ልጅ ከፍ ያለውን ድምፅ ሮጦ ይይዘዋል፤ የ1957ቱ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ፍጥነቱ ቢቀንስም ድምፁ ሰፍቷል፤ በአንዳንዶቹም፣ በተለይ በዝግታ በሚሄዱት፣ ሽማግሌው ከወጣቱ ይበልጣል ለማለት እንደፍራለን። በ1959 በጣልያን አገር ስፖሌቶ ከተማ ልቡን ታሞ ለሞት ካሰጋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ያስቀረጸው አንድ ሙሉ ሸክላ የኪንግ ኦሊቨር መታሰቢያ ነበር። ኦሊቨር በ1923 ያላገኘውን ማይክሮፎን ዜማዎቹ አገኙ።

በ1961 ደግሞ የዋልት ዲዝኒ ሰዎች በካሊፎርኒያ ለቴሌቪዥን ፊልም ሲያነሡ፣ በመዝናኛ ቦታቸው ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው የሚሲሲፒ መርከብ አምሳያ ላይ አርምስትሮንግን፣ ኪድ ኦሪንና ጆኒ ሴንት ሲርን አሳፈሯቸው። ሴንት ሲር ልስኑን ትቶ በዚያ ስፍራ የባንድ መሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከትኩሶቹ አምስት ሦስቱ በአንድ ጀልባ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም መርከብና ወንዝ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ሰዎቹ ግን እውነተኛ ናቸው። አርምስትሮንግ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሲያይ የሚታየው ደስታ ለካሜራ የተሠራ አይመስልም።

በ1964 በስድሳ ሁለት ዓመቱ በአንድ የቲያትር ዘፈን በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ቢትልስን ከአንደኝነት ባወረደ ጊዜ፣ ከልጅ ልጆቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች አወቁት። በዚያው ዓመት የዘር ልዩነትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ወጣ። በ1965 ከሁለት ወገን የተዋቀረ ባንዱን ይዞ ኒው ኦርሊንስ ገባና ተጫወተ። በዚሁ በ1965 አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ከፊቱ አቀረቡለት፤ ማረሚያ ቤት ሳለ ኮርኔት ያስያዘው ፒተር ዴቪስ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐኪሞች ትራምፔት እንዳይነፋ ከለከሉት። ያን ጊዜ ወደ ክሮቹ ተመለሰ፤ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያድስ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቁጥራቸውን እያስተካከለ፣ ሸክላዎቹን እንደ ገና እየገለበጠ፣ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ በዚያች ክፍል ሠራ። ጁላይ 6 ቀን 1971 በቤቱ፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ሞተ።

ስምንት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦገስት 27 ቀን፣ በቺካጎ አደባባይ የመታሰቢያ ኮንሰርት ተደረገለት። ከብዙ ዘመን በፊት የተፋታችው ሊል ሃርዲን በሰባ ሦስት ዓመቷ ለመጫወት መጣች። ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ የሚባለውን ዜማ እየተጫወተች ሳለ ወደቀች፤ ወደ ሆስፒታል ወስደዋት ሞተች። ሴንት ሲር ከእነርሱ በፊት በ1966 አርፎ ነበርና፣ ከአምስቱ የቀረው ኪድ ኦሪ ብቻ ሆነ። እርሱም በጃኑዋሪ 1973 በሃዋይ ደሴት በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።